የስሚክሮን ነጎድጓድ

ስሚክሮን ሥራው ነጎድጓድ ማሰማት ነበር። በአቴና፣ ከአክሮፖሊስ ሥር ባለው ቴአትር፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው የእንጨት ቤት ውስጥ ይቆማል። ንጉሡን የሚጫወተው ሰው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ምልክት ሲለምን፣ ስሚክሮን ከባሕር ዳር የተለቀመ ጠጠር የሞላውን እንስራ አንሥቶ ትልቅ የነሐስ ጋን ውስጥ ይገለብጠዋል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ይውጣል። እኔ እዚያው ቤት ውስጥ አማልክት ሆነው የሚጫወቱትን ከላይ የሚያወርደውን ገመድ እጎትት ስለነበር፣ በጎን አየው ነበር። ጠጠሩን በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፤ ደቃቁን ለሩቅ ጉርምርምታ፣ ድቡልቡሉን ለመብረቅ።

ነጎድጓድ ይሥራ እንጂ ምልኪ አይንቅም። ጫማውን ሲያጠልቅ ሰው ቢያስነጥስ ተመልሶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ስቄበት፣ አንተው የምትሠራውን መልሰህ ትፈራለህ ወይ አልኩት።

«ያ እንጀራዬ ነው፤ ይሄ ኑሮዬ ነው» አለኝ። አልሳቀም።

ሚስቱ በወሊድ ስለሞተች ልጁን መሊታን ብቻውን ነው ያሳደጋት። ዐሥራ ስድስት ሲሞላት አንቲዶሮስ የሚባል የጫማ ሰፊ ልጅ ሊያገባት ታሰበ። የልጁ እናት ሊሲላ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷን በቃሏ የምታስተዳድር ሴት ነበረች። መሊታ የሙሽርነት መሸፈኛዋን ራሷ ሸምና በሱፍ አበባ ቢጫ ነክራ አስቀምጣለች። የቀረው የወንዱ ወገን መጥቶ ቃል ማሰር ነው።

ድርሰቶች የሚወዳደሩበት በዓል ሊደርስ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የዚያ ዓመቱ ባለ ድርሰት ከበፊቱ የበለጠ ነጎድጓድ እፈልጋለሁ ብሎ አዲስ ጋን አስመጣ። እኩለ ቀን ነው፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ቴአትሩ ውስጥ ሰው ስለሌለ አሁን ሞክረው ያልኩት እኔ ነኝ። እንስራውን ሙሉ ገለበጠው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ እርግቦች ከጣሪያው ተነሡ። ሁለታችንም ደስ አለን።

የቃል ማሰሪያው ቀጠሮ ለማግስቱ ነበር። ሊሲላ ግን የዛሬው ቀን ይሻላል ብላ፣ ሳትልክ፣ ልጇንና ሁለት አጎቶቹን ይዛ ተነሥታ ኖሯል። ከቴአትሩ በታች ባለው መንገድ ሲያልፉ ደመና ከሌለበት ሰማይ፣ ክፉ ምልኪ በሚመጣበት በግራቸው በኩል፣ ነጎድጓድ ሰሙ። ከዚያው ተመለሱ። ማታ አንዲት ጎረቤት መጥታ፣ አምላክ ተናግሯልና ነገሩ ይቅር ተባለ ብላ ለስሚክሮን ነገረችው።

በማግስቱ ስሚክሮን እንስራውን ተሸከመ፤ ጋኑን እኔ ያዝኩለት። ሊሲላ በር ላይ አስቀመጥነውና ጠጠሩን ገለበጠው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልጆች ድገመው እያሉ ጮኹ።

«ይኸው እትዬ ሊሲላ፣ ትናንት የሰሙት ይሄንን ነው። ዜውስ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አላት።

ሊሲላ መቃኑን ተደግፋ ጠጠሩ እስኪቆም ጠበቀች። «አየሁ፣ እጅህ ነው። እኛ በዚያ ስናልፍ፣ ልክ በዚያች ሰዓት፣ እጅህን ያነሣው ማነው?»

እኔ ነኝ ሞክረው ያልኩት ልል ፈልጌ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ግን ጎንበስ ብዬ ጠጠሩን ወደ እንስራው መመለስ ጀመርኩ። አንቲዶሮስ ከእናቱ ኋላ ቆሞ እግሩን ያያል።

በዓሉ ደረሰ። ንጉሡ እጁን ዘርግቶ አማልክትን ምልክት ጠየቀ። ስሚክሮን ገለበጠ። ጸጥታው መሐል ከላይኛው መቀመጫ አንድ ድምፅ፣ «ስሚክሮን፣ ልጅህን ዳርካት ወይ?» አለ። መጀመሪያ አንድ ጥግ ሳቀ፤ ከዚያ ሺህ ሰው ሳቀ። ንጉሡ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ድርሰቱ ከውድድሩ መጨረሻ ወጣ። በማግስቱ ወጪውን የቻለው ባለጸጋ አሽከሩን ልኮ፣ ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትገባ አስባለው።

በጋው አጋማሽ ላይ አንቲዶሮስ የወይራ ዘይት መጭመቂያ ካላቸው ሰዎች ቤት ሚስት አገባ። ምንጭ ዳር ያሉ ሴቶች፣ ሊሲላ እዚያ ቤት መመላለስ የጀመረችው ገና ነጎድጓዱ ሳይሰማ፣ በክረምት ነበር ይላሉ። ይቀለዋል ብዬ ለስሚክሮን ነገርኩት። ድንጋይ ሲፈልጥ ነበር ያገኘሁት፤ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ተወኝ ወንድሜ» አለኝ። «ሰው ነው ከምትለኝ አምላክ ነው በለኝ።»

ከዚያ በኋላ መሊታን የጠየቀ የለም። ስሟ ገደ ቢስ ሆነ። አባቷ በሦስተኛው ዓመት፣ ሳል ይዞት ሞተ። እሷ የሙሽርነት መሸፈኛውን ተርትራ ክሩን ጥብጣብ አድርጋ ሸመነችው፤ ገበያ ወጥታ መሸጥ ጀመረች። ሙሽሮች በድንኳኗ በኩል አያልፉም፤ እናቶቻቸው ክንዳቸውን ይዘው በማዶ ያሳልፏቸዋል። ለመቃብር ድንጋይ የሚታሰር ጥብጣብ የሚፈልግ ግን የሻጭ ገድ አይጠይቅም። ደንበኞቿ እነሱ ናቸው። ሥራዋ ጥሩ ነው፤ ዝናብ ቶሎ ቀለሙን አያስለቅቀውም።