መቀመጫው ቀጠን ያለ

አቶ ወንዳፍራሽ ነውር ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው የግብረ ገብ መምህራቸው «የአፍ እድፍ በሳሙና አይለቅም» ብለው ስላስተማሯቸው፣ የድስትን ቂጥ እንኳ «መቀመጫ» ነበር የሚሉት። ሲያረጁ ጥርሳቸው ረገፈ እንጂ ይህች ጨዋነት አልረገፈችም።

ከጡረታ በኋላ አዲስ አበባን ለቀው ቡራዩ ቤት ሠሩ። ቤቱ የቆመበት መሬት ትናንት የገበሬው የኦቦ ገርባ የጤፍ ማሳ ነበር። አቶ ወንዳፍራሽ ግን ለእንግዳ ስለ ማሳው አያነሡም፤ የሚያሳዩት ከድሮ ቤታቸው ነቅለው ያመጡትን፣ ብርጭቆው የተንዠረገገ፣ ሻንደሊየር የሚሉትን ባለ ብዙ ክንድ የጣሪያ መብራት ነው።

ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ገባ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች ማሳ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን የተቃወመ ሕዝብ መንገዱን በድንጋይ ዘግቷል፤ በየመንደሩ ለቅሶ አለ። የአቶ ወንዳፍራሽ ጭንቀት አምፖል ነበር። ልጃቸው ሰብለወርቅ የኦቦ ገርባን የወንድም ልጅ ወዳ፣ እሁድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ የሻንደሊየሩ አምፖሎች ደግሞ ተቃጥለው አልቀዋል። ወደ መርካቶ የሚወስድ ታክሲ የለም። ቢቸግራቸው ወደ እልፍነሽ ሱቅ ወረዱ።

«እልፍነሽ፣ መቀመጫው ቀጠን ያለ አለሽ?»

«በርጩማ አናጢው ሙሴ ጋ ነው ጋሼ።»

«የአምፖል ነው እንጂ!»

«የአምፖል ምኑ?»

«ያ... ከታች ያለው።»

«እግሩ?»

«እግርስ አይደለም። ከእግር ከፍ፣ ከወገብ ዝቅ...»

ከኋላ የቆሙት ሴቶች ተያዩ። እልፍነሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸሽጋ፣ ወገባቸው ሸንቀጥ ያለ ሻማ መሳይ አምፖሎች አወጣች። አቶ ወንዳፍራሽን ላብ አጥምቋቸው ስለነበር ሳያገላብጡ ተቀበሉ። ሲወጡ ክብራቸውን ለመመለስ ያህል፣

«ማስተር ፕላኑ ቢሠራ ኖሮ ቡራዩም እንደ ከተማ አምፖል ይኖራት ነበር» አሉ።

«ለእርስዎ አምፖል እንዲመጣ የሰው ማሳ ይሂድ?» አለች እልፍነሽ። አቶ ወንዳፍራሽ አምፖሎቹን ታቅፈው ዳገቱን ተያያዙት።

እሁድ ጠዋት ወንበር ላይ ወጥተው አንዱን ሞከሩ። ሻንደሊየሩ የሚፈልገው ቀጭንና የሚጠመዘዝ ነው። የገዙት አምፖል ወገቡ ቢቀጥንም ቂጡ ወፍራም፣ ያውም ተጭኖ የሚሰካ ባለ ሁለት ጆሮ ሆኖ ተገኘ። ተመልሰው ቃሉን ከመጥራት ሞትን ይመርጣሉ! አምፖሎቹን በክር አንጠለጠሏቸው፤ ክሩ እንዳይታይም መጋረጃውን ጥርቅም አደረጉት።

ሽማግሌዎቹ የመንገዱን ድንጋይ እየተሻገሩ በእግራቸው መጡ። ኦቦ ገርባ ቀድመው ገቡ። እንደ ደንቡ፣ የቤቱ ጌታ «ተቀመጡ» እስኪሏቸው ቆመው ጠበቁ። በጨለማው ውስጥ ሶፋው ባዶውን ተዘርግቷል። አቶ ወንዳፍራሽ ግን ዓይናቸው ጣሪያው ላይ፣ ሐሳባቸውም እዚያው ነበር።

«አባቶቼ፣ አትቀየሙኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «መቀመጫው አልተገኘም።»

ሽማግሌዎቹ ባዶውን ሶፋ አዩ።

«ማል ጄዴ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አማርኛ የማይሰሙት አንዱ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው።

«መቀመጫ የለም ነው የሚሉት» አሉ ኦቦ ገርባ። ከዘራቸውን አጠበቁ። «ገብቶናል፣ አቶ ወንዳፍራሽ። እርስዎ በማሳችን ላይ ሲቀመጡ 'ቦታ የለም' አላልንዎም። ዛሬ ልጅዎን ብለን ብንመጣ ወንበር እንኳ ታጣልን? እንሂድ።»

«የለም! እኔ ያልኩት... የዚህን የላይኛውን... መቀመጫ...»

«ሰማን እኮ!» ኦቦ ገርባ በሩን ያዙ።

ሰብለወርቅ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ መቻል አቃታት። «አባዬ! በፈጠረዎት፣ ስሙን ይጥሩት!»

አቶ ወንዳፍራሽ ልጃቸውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቂጥ!» ብለው ጮኹ። «የአምፖሉ ቂጥ ነው እንቢ ያለኝ!»

ሽማግሌዎቹ ደርቀው ቀሩ። ሰብለወርቅ ሮጣ መጋረጃውን ስትገልጠው የታኅሣሥ ፀሐይ ክፍሉን ሞላው፤ በክር የታሰሩት አምፖሎች እንደ ቋንጣ ተንጠልጥለው ታዩ። ኦቦ ገርባ ቀና ብለው አይተው፣ ሳቃቸው ከዘራቸውን አስጣላቸው። አማርኛ ለማይሰሙት ሽማግሌ በኦሮምኛ ሲነግሯቸው እሳቸው ይባስ ብለው ሶፋው ላይ ሳይፈቀድላቸው ወደቁ።

ልጅቷ ያን ዕለት ተፈቀደች። ሊሰነባበቱ ሲሉ አቶ ወንዳፍራሽ፣ «መንገዱ ሲከፈት መርካቶ ሄጄ ለሠርጉ ደህናውን አመጣለሁ» አሉ።

«እርስዎስ ይቅርብዎ» አሉ ኦቦ ገርባ። «ዳስ ሙሉ በርጩማ ይዘው ይመጣሉ። እኔ እሄዳለሁ። ምን ልበል?»

አቶ ወንዳፍራሽ ግራ ቀኝ ገላመጡና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

«አልሰማሁም» አሉ ኦቦ ገርባ። «ጮክ ይበሉ!»