መኪና የማይገባበት ደሴት

አሰፋሽ ኤርሲዶ ሎምበቦ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለደች። አባቷ የሚስዮን ክሊኒክ ዘበኛ፣ እናቷ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከሰባት ልጆች መካከል አራተኛ በመሆኗ የበኩር ክብርም የመጨረሻ ልጅ ቅምጥልነትም አልደረሳትም፤ የደረሳት መላላክ ነበር። ሂጂ ወደተባለችበት ሄዳ፣ አምጪ የተባለችውን ይዛ፣ ሳታጎድል የምትመለስ ልጅ ነበረች። ይህ ጠባይ ብዙ ጊዜ ተመስግኖላታል። የታዘዘው ነገር ራሱ ትክክል መሆኑን መመርመር ግን ከመላላክ የተለየ ትምህርት ነው፤ እሱን ያስተማራት አልነበረም።

በሃያ አምስት ዓመቷ የዲቪ ዕጣ ወጥቶላት ወደ አሜሪካ መጣችና በሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የቬትናሞች ምግብ ቤት በላይ ባለች ክፍል ተቀመጠች። ሥራ ያገኘችው ፍሪድሊ በምትባል ቅርብ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ልብ የሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች በሚገጣጠሙበት ፋብሪካ ነው። ሠራተኞቹ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው በነጭ ተሸፍነው ስለሚውሉ ከዓይን በቀር የሚታይ የሰውነት ክፍል የላቸውም። ከአሰፋሽ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ምንዳዬ ሀንዲሶ የምትባል የአገሯ ልጅ ነበረች። ሁለቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምሩ፣ በአንድ መኪና ይመላለሱ ነበር። ከጊዜ ብዛት አንዷ የሌላዋን ዓይን ብቻ አይታ ራስ ምታቷን፣ ብስጭቷን፣ ሳቋን ለይታ ማወቅን ተማረች።

በ፲፱፻፺፬ ዓ.ም. ክረምት የአሰፋሽ እናት ሆሳዕና ላይ ዐረፉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መርዶው ቅዳሜ ማለዳ እንዲነገር ተስማሙ። ምንዳዬ ነገሩን ሰምታ ማደር አልቻለችም። በዚያው ዕለት አሰፋሽን ከሥራ ጠርታ፣ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወስዳ፣ በሩን ዘግታ፣ ሁለት እጆቿን ይዛ ነገረቻት። ሽማግሌዎቹ ሥርዓት አፍርሰሻል ብለው ክፉኛ ገሠጿት። አሰፋሽ ግን እናቴ ሞታ ሳላውቅ አንዲት ቀን እንኳ ስቄ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅርታ አላደርግም ነበር ብላ መረቀቻት።

«እንግዲያው የእኔ ቀን ሲመጣ አንቺ ንገሪኝ፤ ሳታሳድሪ» አለች ምንዳዬ።

«አላሳድርም» አለች አሰፋሽ።

ይህ ቃል ምስክር አልነበረውም፤ አላስፈለገውምም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ምንዳዬ ታጨች። አሰፋሽም አንደኛ ሚዜ ሆነች። የእጮኛዋ እኅት ሶልያና በአራት ዓመቷ አሜሪካ የመጣች፣ ሲዋርድ በሚባል ሰፈር ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ሠርግ ያለ ባችለሬት አይሆንም ብላ የተነሣችው እርሷ ናት። ሙሽራይቱን ጓደኞቿ ከሠርጉ በፊት ለሁለት ሌሊት ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ትዝናናለች፤ ትመለሳለች፤ ነገሩ ይኸው ነው ስትል አስረዳች። አሰፋሽ አዳምጣ አዳምጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ከማን ነው የምንሸሸው?»

«ኖ፣ አሴ፣ ከማንም አይደለም። ሪላክስ ለማድረግ ነው።»

ሶልያና የመረጠችው ቦታ ሚሺጋን ውስጥ፣ ከሐይቅ መካከል ያለ፣ ባለጠጎች የሚያርፉበት ደሴት ነበር። ሰው በጀልባ ይሻገራል፤ በደሴቱ ላይ መኪና ስለተከለከለ በፈረስ ጋሪ ይዞራል። የደሴቱ ስም ማኪናው መሆኑን ስትሰማ ምንዳዬ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች፤ መኪናውን ከልክለው ስሙን ብቻ አስቀሩት እንዴ እያለች ለሳምንት በየደረሰችበት አወራችው።

አሰፋሽ ግን ነገሩን እንደማንኛውም የተሰጣት ሥራ በቁም ነገር ያዘችው። የምትናገረውን እንግሊዝኛ አስቀድማ እየተለማመደች ወደ ሆቴሉ ደወለች። ለሙሽራ በነፃ የሚቀርበው ሻምፓኝ በፍራፍሬ እንዲለወጥ ጠየቀች፤ በቤተ ክርስቲያን ሐሜት እንዳይነሣ። ከመሸ በኋላ በዚያ ሆቴል ያለ ረጅም ቀሚስ እራት እንደማይቀርብ ስትረዳ ለሙሽራይቱ፣ ለሶልያናና ለራሷ ቀሚስ ፈለገች። ቫን ተከራየች፤ ጀልባው የሚነሣበትን ሰዓት አጣራች፤ ከዓመት ፈቃዷ ላይ ቀን አስቀነሰች። ሆቴሉ ከላከላት ባለ ሥዕል ወረቀት ላይ አንድ ነጭ፣ ረጅም ሰገነት ነበር፤ ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ፣ ወንበሮቹ በመደዳ የተደረደሩ። ወረቀቱን አልጋዋ አጠገብ አኖረችው። ያን ያህል ያማረ ቦታ ለራሷ ተመኝታ አታውቅም ነበርና በምንዳዬ ስም መመኘቱ ሳያሳፍራት ቀረ።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ሐሙስ ሐምሌ ፮ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.፣ ለምሳ እንደወጣች ስልኳ ጮኸ። የደወለው የምንዳዬ ታላቅ ወንድም ሶፎንያስ ነበር።

«አሴ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«አባባ ዐረፈ።»

አቶ ሀንዲሶ ጉልበታቸውን ከማመማቸው በቀር ሕመም የነበረባቸው ሰው አልነበሩም። ሶፎንያስ ጥቂት አለቀሰ። ከዚያም ጉሮሮውን አጽድቶ የተወሰነውን ነገራት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ለሜሳ መርዶው ሰኞ ማለዳ ይሁን ብለዋል። እስከዚያ ሰው ሁሉ ሺፍት ላይ ነው፤ አክስታቸውም ከሲያትል የምትገባው እሑድ ማታ ነው። ምንዳዬ እዚህ ከቆየች ግን ከአንዱ አፍ ያመልጣል፤ ወይም ቅዳሜ እንደ ልማዷ አባቷ ዘንድ ትደውላለች።

«ይዘሻት ሂጂ። ደሴቱን እግዚአብሔር ያዘጋጀው ነው። ስልኳን ብቻ ተቆጣጠሪ።»

«ሶፊ፣ እኔ ቃል አለብኝ።»

«ቃልሽ ከቤተሰቧ ይበልጣል?»

አሰፋሽ መልሱን ታውቀው ነበር። ብትናገረው ግን ቫኑም፣ ጀልባውም፣ ነጩ ሰገነትም አብረው እንደሚቀሩ ታያት፤ ይህንንም ከራሷ ሸሸገች። ለራሷ የነገረችው ሌላ ነው፤ የቤተሰብ ሐሳብ ነው፣ የሽማግሌ ቃል ነው፣ እኔ ማን ነኝ አለች። ሰው ሊሠራው የሚሻውን ነገር ሌላ ሲያዝዘው እንዴት ቶሎ ታዛዥ ይሆናል!

መርዶ እንዲቆይ አባቶች የደነገጉት በምክንያት ነው። ሐዘንተኛው ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ፣ የሚደግፈው ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ይጠበቃል። ሐዘንተኛውን እያሳቁ ያሰንብቱት የሚል ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ የለም።

ከምሳ በኋላ አሰፋሽ ነጩን ልብስ ለብሳ ከምንዳዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዓይኗን ከማጉያ መነጽሩ ሳታነሣ ዋለች።

ዓርብ ማለዳ ተነሡ። ሶልያና መርዶ መኖሩን አላወቀችም ነበርና እየዘፈነች ድራይቭ አደረገች። ገና ዊስኮንሰን ሳይገቡ አሰፋሽ የምሳ ቦርሳ ከፍታ ስልኮቹን ሁሉ ሰበሰበች፤ የሙሽራ ሕግ ነው አለች። ሶልያና አጉረመረመች። ምንዳዬ ግን የራሷን አጥፍታ ሰጠቻት።

«አንቺ ካልሽ ይሁን።»

ደሴቱ በሥዕል እንደታየው ነበር። አበባው በየመስኮቱ ነበር፤ ፈረሶቹ ግዙፍ፣ ሰዎቹ የማይቸኩሉ ነበሩ። እራት ላይ አሳላፊዎቹ ወንበር እየሳቡ አስቀመጧቸው። ሆቴሉም የታዘዘውን ፍራፍሬ አልረሳም፤ በሪባን ታስሮ ጠበቃቸው። ያልተሳካ ነገር ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ አንድ የዕቃ መሸጫ ገቡ። ምንዳዬ እጀታው በፈረስ ራስ ቅርጽ የተቀረጸ ከዘራ አየችና ለአባቷ ልትገዛው ወደደች። ከሠርጉ በኋላ ለገና ከባሏ ጋር ሆሳዕና ስትሄድ ልትሰጣቸው ነው። ይስማማቸው እንደሆነ ለመፈተን ወገቧን አጎበጠች፤ አንድ እግሯን እየጎተተች፣ የአባቷን ሳል እየሳለች፣ እንደ እሳቸው ያላዩትን ሌባ እየረገመች፣ ከሱቁ ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰች። ሶልያና ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንድ ቃል ያልገባት ሻጭ እንኳ ሳቀች። አሰፋሽም ሳቀች። በዚያች ሰዓት ሆሳዕና ላይ ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከሱቁ ሲወጡ ምንዳዬ ስልኳን ጠየቀች፤ ቅዳሜ ነውና። አሰፋሽ የስልክ ካርድ እዚህ አይሠራም፣ ሆቴሉን ጠይቄያለሁ አለች። አልጠየቀችም ነበር።

«እሑድ ስንመለስ እደውልለታለሁ እንጂ ምን ይደረጋል» አለች ምንዳዬ ከዘራውን እያገላበጠች። «ቅዳሜ ካልደወልኩለት እንቅልፍ የለውም።»

ከሰዓት በኋላ በዚያ ነጭ ሰገነት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐይቁ እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ተዘርግቷል። አሰፋሽ ስታስበው የከረመችው ወንበር ይህ ነበር። ከእርሱ ላይ ሆና ያየችው ነገር አንድም ትዝ አይላትም።

እሑድ በጀልባው ላይ ከንፈሯን ከፈተች።

«ምንዳዬ።»

«አቤት።»

ምንዳዬ ዞር ብላ ዓይኗን ልታያት ፈለገች። አሰፋሽ ወደ ውኃው አየች።

«ነፋሱ በርትቷል፤ ሻርፕሽን ልበሺ።»

ምንዳዬ ሻርፗን ለበሰች፤ እስከ ሴንት ፖል ድረስም ቫኑ ውስጥ ተኝታ ተጓዘች። ስለዚህ ማንም አልደወለላትም፤ እርሷም ለማንም አልደወለችም። ቤቷ ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ ሆሳዕና ላይ ገና አልነጋም፣ ይተኙ በሚል ስልኩን ተወችው።

ሰኞ ማለዳ በሯ ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ ጋሽ ለሜሳ ከፊት፣ ወንድሟና አክስቷ ከኋላቸው። ጋሽ ለሜሳ ገና «ልጄ» ሲሉ ተረዳች። ሴቶቹ ያዟት፤ ልማዱ በሚያዝዘው መንገድ ተለቀሰ። ሰውም መርዶው በሥርዓት ተረዳ ብሎ ተናገረ።

እንባው ጋብ ሲል አሰፋሽ ውኃ ይዛ ቀረበች። ምንዳዬ ብርጭቆውን አልተቀበለችም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ።»

«ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዓይንሽን አላየሁትም። አሞሽ መስሎኝ ነበር። ከዘራውን ስመርጥ ታውቂ ነበር።»

አሰፋሽ ሶፎንያስን፣ ጋሽ ለሜሳን፣ አክስቲቱን ጠቀሰች። ሁሉም እውነት ነበር።

«ሶፎንያስ ወንድሜ ነው፤ የሚያውቀውን አደረገ፤ እሱን ይቅር እላለሁ። አንቺ ግን በራስሽ ደርሶ ታውቂው ነበር። አባቴን ቀብረው ሲመለሱ እኔ እንደሱ እያነከስኩ አሳቅሁሽ። አንቺም ሳቅሽ፣ አሴ።»

ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ነገር አልተነጋገሩም።

ሠርጉ ወደ ጥር ተላለፈ፤ ያለ ዘፈን፣ በጥቂት ሰው ተፈጸመ። አንደኛ ሚዜ ሶልያና ነበረች። ለአሰፋሽ እንደማንኛውም እንግዳ የጥሪ ካርድ ደረሳት፤ ሄዳ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶግራፍ ለመነሣት ተራ በሚያዝበት ጊዜ ካፖርቷን ወስዳ ወጣች። በሚያዝያ ወር ምንዳዬ ወደ ማታው ሺፍት ተዛወረች። ከአሰፋሽ ፊት ለፊት ሌላ ሴት ተቀመጠች፤ ዓይኗን ማንበብ ግን አሰፋሽ አልሞከረችም።

ከዘራው ቫኑ ሲራገፍ ከአሰፋሽ ሻንጣ ጋር ቀርቶ ነበር። ምንዳዬ አልጠየቀችውም፤ አሰፋሽም ይዛላት ለመሄድ አልደፈረችም። ከበሩ ኋላ ቆመ። ቤት በለወጠች ቁጥር አብሮ ይጓዛል፤ እንደገናም ከበር ኋላ ይቆማል።

አሰፋሽ ኤርሲዶ በዚያ ፋብሪካ እስከ ፳፻፩ ዓ.ም. ሠራች፤ ከዚያም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች። አላገባችም። የምንዳዬ ሀንዲሶን የሙሽርነት ጉዞ ብቻዋን አቅዳ፣ ከታሰበው አንዳች ሳይጓደል፣ ከማንም አፍ አንዲት ቃል ሳታመልጥ፣ ሄደው በሰላም እንዲመለሱ አድርጋለች።