ሳይረጥብ የሚያድን ሰው

የእህቴ ባል ሥራ ቁጭ ብሎ ውሃ ማየት ነው። እንዲህ ሲሉት ቀላል ይመስላል። እኔም መዋኛ ገንዳው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኜ እስክቀጠር፣ ውሎውንም በመስኮቴ እስካይ ድረስ፣ "ምነው እኔንም እንዲህ ባደለኝ" እያልኩ እቀልድበት ነበር። ዛሬ ሌላ ሰው ሲቀልድበት ስሰማ ቱግ እላለሁ። ቱግ ማለት ድሮም አይከብደኝም።

ሕይወት አዳኝ ነው። ከፍ ባለው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን መጀመሪያ ወደ ገንዳው ወለል ይልካል፤ ከዚያ ወደ መካከል፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ወለሉ። ስታናግሩት ይመልስላችኋል እንጂ ዞሮ አያያችሁም። እህቴ በሚተጫጩበት ሰሞን እዚያ ድረስ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ውሃ ውሃውን እያየ ሲያወራት ዓይን አፋር መስሏት በዚያው ወደደችው። ዓይን አፋርስ አይደለም፤ ሥራ ላይ ስለነበር ነው።

ሰው የሚሰጥም ሲባል የሚጮህና የሚያንቦራጭቅ ይመስለዋል። እሱ ግን የሚጮኸውን ያን ያህል አይፈራም፤ ለመጮህ ትንፋሽ ተርፎታልና። የሚፈራው ዝም ያለውን ነው። አንገቱን ወደ ኋላ የጣለውን፣ አፉ ከውሃው እኩል የሆነውን፣ በሁለት እጁ ውሃውን ወደ ታች እየተጫነ መሰላል የሚወጣ የሚመስለውን። እንዲህ ያለውን ሰው ጓደኞቹ አጠገቡ ሆነው እየተሳሳቁ አያዩትም። የእህቴ ባል ግን ያየዋል። ከወንበሩ ወርዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ረጅሙን ዘንግ ይዘረጋለታል፤ "ያዘው!" ይለዋል፤ ሰውየው ይይዛል፤ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ገንዳው ዳር ፀሐይ እየሞቀ የተኛው ሰው ቀና እንኳ ሳይል ነገሩ ያልቃል። ራቅ ያለ ከሆነ ቀዩን መንሳፈፊያ ይወረውርለታል። እሱ ራሱ ውሃ ውስጥ የሚገባው ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ነው፤ ያኔም መንሳፈፊያውን ይዞ፣ በጀርባ በኩል ዞሮ ነው። ነፍሱ የተጨነቀች ሰው በፊቱ የመጣለትን ሁሉ መሬት አድርጎ ይወጣበታል።

በዚህ ምክንያት ልብሱ አይረጥብም። ደንበኞቹም ይህን አይተው "ደረቁ" የሚል ስም አወጡለት። "ደረቁ ዋና አይችልም፣ በዘመድ ነው የገባው" ይላሉ። ማለዳ ገንዳው ሳይከፈት ያንን ሁሉ ርቀት ሲመላለስበት የምናየው እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነን። "ጋሼ፣ አንድ ቀን ሰው ፊት ዋኝላቸውና አፋቸውን አሲዝልኝ" ስለው፣ "አፋቸውን ማስያዝ ሥራዬ አይደለም" ይለኝ ነበር። ይህን ይል የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

አንዲት ልጅ አለችው። እኔ አክስቷ ብሆንም እውነቱን እናገራለሁ፤ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት በአባቷ ማፈር ጀመረች። ክፍል ውስጥ የአባታችሁ ሥራ ምንድን ነው ሲባል፣ "አስተዳደር ውስጥ ነው" ብላ ነበር አሉ። አባቷ ይህን ከእናቷ ሰምቶ ሳቀ። እህቴ ግን ያን ቀን ራቱን ትቶ እንደተነሣ ነገረችኝ።

ከዚያ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው ተብሎ የነሱ ክፍል ወደኛ ገንዳ መጣ። አስተማሪያቸው ደረተ ሰፊ፣ ድምፀ ነጎድጓድ፣ መዋኛ ቁምጣ የለበሰ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመችና ፊቷን አዞረች። እሱም ገብቶት፣ እንደማያውቃት ሆኖ ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ይህን አየሁ።

ልጆቹ ከማዶ፣ ደረጃው ጋ ተኮልኩለዋል። "ደረቁ የሚሉት ይሄ ነው?" አለ አንደኛው። "ዋና አይችልም እኮ!" "ታዲያ ምን ይሠራል?" "ወንበሯ እንዳትሰጥም ይጠብቃታላ!" አለች አንዷ፤ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። የእህቴ ልጅም አብራ ሳቀች። የእሷ ሳቅ ከሌላው ይለያል፤ መጨረሻው ላይ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ወጥቼ ልክ ላገባቸው ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። የእህቴ ባል ግን አልተንቀሳቀሰም፤ አንገቱ ብቻ ግትር አለ።

ወዲያው አስተማሪው ጥልቁ ጋ ገባ። ለልጆቹ ሊያሳያቸው ጠርዙን ተጠግቶ መዋኘት ጀምሮ ነበር፤ የእግሩ ጡንቻ ተሸማቀቀበት መሰለኝ፣ ቀጥ አለ። አንገቱ ወደ ኋላ ወደቀ። ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ሰው ጭጭ አለ። የእህቴ ባል ከወንበሩ ወርዶ ዘንጉን ያዘ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዘንጉን ይዞ ነበር። ሰውየው ያለው ከጠርዙ ቅርብ ነው፤ ዘንጉ ደርሶት ይተርፋል። የእህቴ ባል አንዴ ወደ ደረጃው ተመለከተ። ከዚያ ዘንጉን ጣለና፣ መንሳፈፊያም ሳይዝ፣ በሰውየው ፊት ለፊት ዘሎ ገባ።

እሱ አዳዲስ ሕይወት አዳኞችንም ያሠለጥናል፤ ሠልጣኞቹ ከእነዚህ ሦስት ስሕተቶች አንዱን ቢሠሩ በፈተናው የሚጥላቸው እሱ ነው።

አስተማሪው አንገቱን አነቀው። ትከሻው ላይ ወጣበት። ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ታች ሄዱ። እኔ የትኬቱን መስኮት እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩ። ሰው በማይበዛበት ቀን እሱ ራሱ አስተምሮኛል፤ ቆመሽ አትዘርጊ፣ ይጎትቱሻል፤ በሆድሽ ተኚ፣ እግርሽን ክፈቺ፣ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። በሆዴ ተኛሁ። ዘንጉን አስገባሁና "ያዘው! ያዘው!" እያልኩ ጮህኩ። የአስተማሪው እጅ ብቅ አለና ዘንጉን ጨመደደ፤ ያን ጊዜ አንገቱን ለቀቀው። የእህቴ ባል ከኋላው እየሳለ ወጣ፤ ከሥር ሊገፋው ሲታገል እጁ ሰውየው ጀርባ ላይ ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ ከጥልቁ ተሸክሞት የወጣ ይመስላል።

ገንዳው በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቷ ጓደኞቿን ገፍትራ መጣች። "አባቴ ነው! አባቴ ነው እኮ!" እያለች ከነልብሷ ተጠመጠመችበት። በሰው ፊት "አባቴ" ያለችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! እኔም እንባዬ መጣ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ግን የደስታ ፊት አልነበረም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ነበር የሚመስለው።

በኋላ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ መንሳፈፊያዎቹ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ ደህና ነህ?"

"አይተሻል አይደል?"

"አይቻለሁ።"

"ዘንጉ እጄ ላይ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ሰውየውን ልገድለው ነበር።" ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ። "ለሷ እንዳትነግሪያት። እባክሽ።"

እኔ ለአንድ ቀን እንኳ ምስጢር አድሮብኝ አያውቅም። ይህን ግን ዋጥኩት።

ትምህርት ቤቱ በተማሪዎች ሰልፍ ላይ ጠርቶ በመስታወት የገባ የምስክር ወረቀት ሸለመው። አስተማሪው አቅፎት "ሁለተኛ አባቴ ነው" ብሎ አለቀሰ። የእህቴ ባል ማይክሮፎን ሲሰጡት "አመሰግናለሁ" አለና ጫማውን እያየ ወረደ። ላቡ በኮቱ ላይ ወጥቶ ነበር። "ትሕትናውን አያችሁ!" አለች ከኔ ጎን የቆመችው አስተማሪ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ እነሱ ትሕትና ይሉታል። እህቴ ሽልማቱን ሳሎን ውስጥ፣ ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ሰቀለችው። በማግስቱ ወንበሩን አዙሮት አገኘችው። "ቴሌቪዥኑ እንዲህ ይታየኛል" አላት።

ማለዳ መዋኘቱን ተወ። ለአለቃው "ከወንበሩ አንሡኝና ፓምፕ ክፍል ልሥራ" ብሎ ጠየቀ። አለቃው "ጀግናችንን?" ብሎ ሳቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ጀግና ባሉት ቁጥር አንገቱን ይደፋል፤ እነሱም አንገቱን በደፋ ቁጥር ይብስባቸዋል።

ልጅቷ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነች። ለመጣ ለሄደው ታሪኩን ትተርካለች፤ በተረከችው ቁጥር ገንዳው ይጠልቃል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አባቷና ባልደረባው የሚሰጡትን የሕይወት አዳኝ ሥልጠና ልትማር ተመዘገበች። "ሒሳብሽን ብታጠኚ አይሻልሽም?" አላት። "እንዳንተ መሆን ነው የምፈልገው" አለችው። ምን ይበላት?

ልምምድ በተጀመረ ቀን ባልደረባው የሚሰጥም ሰው ሆኖ ጥልቁ ጋ ገባ። ቀልደኛ ነው፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሲያጓራ ሠልጣኞቹ ሳቁ። ተራው የልጅቷ ነበር። ዘንጉ እግሯ ሥር ተጋድሟል፤ መንሳፈፊያው ከጎኗ አለ። ሁለቱንም አላየቻቸውም። ሮጣ ፊት ለፊት ዘለለችበት።

ባልደረባው ሥልጠናው የሚያዘውን አደረገ። አንገቷን ያዘ። አብራው ወደ ታች ሄደች። ወዲያው ቢለቃትም፣ እየሳለችና ዓይኗ ቀልቶ ነው ጠርዙን የያዘችው። እሷ ግን እየሳቀች ነበር።

"እንዳንተ ነው የዘለልኩት፣ አባዬ!"

የአባቷ ፊት ዐመድ መሰለ። "ሁለተኛ እንዳትደግሚው" ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እኔም መስኮቴን ዘግቼ፣ ትኬት ፈላጊዎቹን አሰልፌ ትቼ ልምምዱን ላይ መጥቼ ነበር፤ እንደዚያ ብሎ እንዲያልፈው በልቤ ስለምን ነበር። እሱ ግን ጠርዙ ላይ ተንበረከከ።

"እንደኔ አትዝለዪ" አላት። "እናንተም ስሙ። ያን ቀን ያደረግሁት ስሕተት ነው። ዘንጉ እጄ ላይ ነበር። ሰውየው ቅርብ ነበር። ጥዬው ዘለልኩና ሁለታችንም ልንሞት ነበር። አስተማሪሽን ያወጣችው አክስትሽ ናት። እኔንም ጭምር።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የምገባበት ጠፋኝ፤ ነጠላ ጫማዬን አየሁ።

ልጅቷ ውሃው ውስጥ እንዳለች ቀና ብላ ታየዋለች። "ታዲያ ለምን ዘለልክ? ዘንጉን አስቀድሙ የምትለን አንተ አይደለህ እንዴ?"

"አፍሬ።"

"ምን አሳፈረህ?"

ዘንጉን በእጁ ከጠርዙ ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። ባልደረባው ጉሮሮውን ጠረገ። ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ ቀስ ብላ ማዶ ወዳለው ደረጃ ዞረች። ፈገግታዋ የት እንደገባ አላውቅም።

"አባዬ፣ ያን ቀን እዚያ ሆነን... ይሰማህ ነበር እንዴ?"

አልሰማሁም በላት፣ አልኩ በልቤ። አንዲት ቃል ብትዋሽ ምን አለበት!

"ሌላው ያለውን ብዙም አላስታውሰውም" አላት። "ሳቅሽን ግን አውቀዋለሁ፣ ልጄ።"

ልጅቷ ግንባሯን ጠርዙ ላይ አድርጋ ቀረች። እሱ እጁን ወደ ራሷ ዘረጋና ሳይነካት መለሰው። እኔም ትኬት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ ብዬ ወደ መስኮቴ ሸሸሁ።