የእናቴ ሰላምታ

ነጌሌ ላይ መጀመሪያ ፊልም የሠራው የአማርኛ መምህሬ ነው። ይህን ማንም አይክደውም፣ እኔም አልክድም። በቅርቡ በከተማው አዳራሽ ካባ ሲያለብሱት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ዕድሜ ልኬን አንቱ ብየዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ ልበለው።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት፣ የተዋሰውን ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ ተሸክሞ እኛን ተማሪዎቹን ያሠራን ነበር። ልጇ የጠፋባት እናት የምትሆን ሴት ሲያጣ የገዛ እናቴን ለመንኩለት። እናቴ ቦረና ናት፤ አማርኛዋን ከገበያና ከአባቴ ነው የለቀመችው።

ጎረቤቷን "ልጄን አይተውታል?" ብላ መጠየቅ ብቻ ነበረባት። እሷ ግን "ናጋ? ሎን ናጋ? ኢጆሌን ናጋ?" ብላ ከራሱ ጀምራ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ደህንነት ጠየቀች። ቀጥላ ዝናቡን ጠየቀች፣ የውሃ ጉድጓዱንም አልተወችም።

"እናቴ፣ ልጅ እኮ ጠፍቶብዎታል፤ ትንሽ ይቸኩሉ" አላት መምህሩ።

"ብቸኩልስ? የሰው ከብት ሳልጠይቅ የራሴን ጉዳይ ላውራ? አንቱ መምህር፣ ሰው ምን ይለኛል?"

ሦስት ጊዜ አስደገማት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከብቱን ጠየቀች። በመጨረሻ ተሸንፎ እንዳለ ቀረጸው። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ "ይህንን ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፈውም። አንዲት ቃል አልነካበትም" ብሎ ማለልኝ። አመንኩት።

ፊልሙ አዲስ አበባ ተቀናብሮ እስኪመለስ እናቴን ወባ ገደለቻት። ድምፅዋ ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጬ ጠበቅኋት። መጣች። አፏን ስትከፍት ግን የማላውቃት የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ ወጣ፤ "ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄን አይተውታል?" አለ። ሌላው ሁሉ ተቆርጧል። አለቀስኩ። ጎረቤቶቼ ናፍቃኝ መስሏቸው አባበሉኝ።

በማግስቱ ሄጄ ጠየቅሁት። "አነጋገሯ ለሌላ አገር ሰው ይከብዳል አሉኝ" አለ። ዋናውን ካሴት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ባዶ ካሴት አጥቶ ክብረ መንግሥት ከተማ ላይ ሰርግ ቀርጾበታል። ይህንንም የነገረኝ ዕቃ እንደሰበረ ሰው እንኳ ሳይደነግጥ ነው። የማላውቃቸው ሙሽሮች በእናቴ ድምፅ ላይ ጨፍረዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም ሠርቷል። ከቡሌ ሆራ እስከ ተልተሌ ካሜራ የያዘ ወጣት ሁሉ እሱ ነው ያስተማረኝ ይላል፤ እውነታቸውን ነው። በክብሩ ቀን ያንኑ ትዕይንት አሳዩ። አጠገቤ ለተቀመጠችው ትንሿ ልጄ "ያቺ አያትሽ ናት" አልኳት። እሷም እስኪያልቅ ዓይኗን አልነቀለችም።

ቤት እንደገባን ነጠላዬን ተከናንባ መጣች። "አያቴን ስሆን እዪኝ" አለችና "ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄን አይተውታል?" አለች። የዚያችን ሴት ድምፅ ቁርጥ አድርጋ ነው ያመጣችው።

"አያትሽ እንዲህ አይደለም የምትናገረው፤ ነይ እኔ ላሳይሽ" አልኳት። ቃሎቹን አንድም አልረሳሁም፣ ከብቱንም ዝናቡንም ጉድጓዱንም በተራቸው አውቃቸዋለሁ። ድምፅዋን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። በጆሮዬ የመጣችልኝ ያቺው የአዲስ አበባ ሴት ናት።