ሽንቴን ይዤ የዋልሁበት እሑድ

ልጅ እያለሁ፣ ባሕር ዳር አራተኛ ክፍል ስማር፣ የሳይንስ መምህራችን ከሥጋ ቤት የበግ ኩላሊት ገዝቶ ክፍል ይዞ ገባ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «መምህር፣ ሽንኩርቱን እኛ እናምጣ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። መምህሩም እየሳቀ ኩላሊቱን በምላጭ ለሁለት ከፈለው። በየተራ ቀርበን አየን። የጥሬ ሥጋውና የጠመኔው ሽታ ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

«የሰውም ይህን ይመስላል» አለን። ሁለቱ ኩላሊቶች ከጀርባችን በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሆነው ደም ያጣራሉ። የተጣራው ቆሻሻና ትርፍ ውሃ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል፤ ፊኛው ሲሞላ ሽንታችን ይመጣል። ሽንት ከደም እንደሚወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቆረብሁ። እናቴ ነጠላዬን አፌ ላይ አስተካክላ እንደ ልማዷ መከረችኝ። «ዛሬ እንዳትተፊ። በባዶ እግርሽም እንዳትሄጂ፤ እሾህ ወግቶሽ ደም እንዳይፈስሽ።» እሺ አልሁ። መንገድ ላይ ግን ግራ ገባኝ። ምራቅ ካልተተፋ፣ ደምም ካልፈሰሰ፣ ከደም የሚወጣው ሽንትስ? የተቀበልሁት ቅዱስ ነገር በዚያ ቱቦ ወርዶ ቢወጣብኝስ? የምጠይቀው ሰው አጣሁ። መምህሩ ስለ ቁርባን አላስተማረንም፤ እናቴ ስለ ኩላሊት አታውቅም። ስለዚህ ያዝሁት።

ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጣና ዳር ወረድሁ። ባልወረድሁ ይሻል ነበር። ውሃው ድንጋዩን ቸብ ባደረገ ቁጥር እምብርቴ ሥር ይወጋኛል። ጓደኛዬ፣ «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሽመላ በአንድ እግርሽ የምትቆሚ?» ብላ ሳቀችብኝ። ጎንበስ ብዬ ወደ ቤት ተመለስሁ።

እናቴ ሆዴን ዳሰሰችና፣ «ብርድ ነው! ውሃ ዳር ማን ሂጂ አለሽ?» አለች። ለብ ያለ አብሽ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ደገመችኝ። እምቢ ማለት አልቻልሁም፤ አለቀስሁ።

በዚህ መሐል የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። «ይህች ልጅ ምን ሆነች?» ሲሉ መቻል አቃተኝ። ስለ ኩላሊቱ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ቱቦውና ስለ ቁርባኑ አንድ ላይ ነገርኋቸው። እሳቸው እናቴን አዩ፤ እናቴ እሳቸውን አየች። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ስለ ቱቦው እኔም አልተማርሁም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠሽን በሽንት አይወስድብሽም። በይ አሁን ሂጂ፤ የቀረውን ስትመለሺ እንነጋገራለን።»

ሮጥሁ። ስመለስ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቃለች። የቀረውን ግን አልተነጋገርንም።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ኩላሊቶቼ ሳላዛቸው ሲሠሩ ያድራሉ፤ ጠዋት ስነሣ ተመስገን እላለሁ። ልጄ የቆረበች ቀን ሳትጠይቀኝ፣ «ሽንትሽ ከመጣ ሂጂ፣ እንዳትይዢው» እላታለሁ። «እማዬ ደግሞ! ለምን እይዘዋለሁ?» ትለኛለች። ኩላሊትን ከነሥራው ታውቃለች፤ ቁርባንንም ታከብራለች። አንዱ ከሌላው ጋር አልተጋጨባትም።

ደስ ይለኛል። ግን እንደገና ግራ ይገባኛል። ያች ጎንበስ ብላ የምትሄድ ልጅ ተሳስታ ነበር፤ ሆኖም የተቀበለችው እንዳይጠፋባት ቀኑን ሙሉ ስትጨነቅ ዋለች። እኔ ዛሬ ቆርቤ ስመለስ፣ ገና ከቅጽሩ ሳልወጣ ስለ ምሳው ወጥ አስባለሁ።