የማይደርስ እርምጃ

ጓደኞቹ ዱምዱም ይሉታል። ሥራው ቤዝ መጻፍ ነው፤ ያውም የድሮውን የዳንስ ቤት የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ለሚመስሉ ዘፈኖች። አቀናባሪዎች ዜማውን ይልኩለታል፣ ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ እሱ ይሠራል። ሰው ሲጨፍር የእሱን ስም የሚያነሳ የለም፤ ቤዙ ሲጠፋ ግን የሁሉም እግር ይተሳሰራል። ይህን ለዘመድ ማስረዳት ስለሰለቸው "ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው" ብሎ ይገላገላል።

አባቱ ከሞተ ወዲህ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ክፍሎቻቸውን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ ያዳላል፤ ቀጭኑን ዜማ ያስቀርና ወፍራሙን ብቻ ያሳልፋል። በጆሮ ማዳመጫ ለምን አይሠራም የሚል አይጠፋም። ቤዝ በደረት ካልተሰማ ይዋሻል ባይ ነው፣ ግትር!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ቤዝ በስፒከሩ እየደጋገመ እያሰማ ሳለ እናቱ በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

"አባትህ ሲመላለስ ዋለ። ለምን አይገባም?"

ዱምዱም ክው አለ። "እማዬ፣ አባዬ እኮ... ይሄ የኔ ሙዚቃ ነው።"

"የእግሩን ኮቴ ላጣው ነው? ያቺን የምትጎተተዋን?" ብላ ተመለሰች።

አባቱ ያነክስ ነበር። አንዱን እግሩን ረገጥ፣ ሌላውን ሳብ፣ ከዚያ ዘግየት ብሎ ረገጥ ያደርጋል። ዱምዱም ጆሮውን አቀና። ቤዙ ውስጥ ሦስተኛዋ ኖታ ትዘገያለች። አቀናባሪው "ይቺ የምትዘገየዋ ነገር ትገድላለች፣ ከየት አመጣሃት?" ሲለው እሱ ራሱ አያውቅም ነበር። አሁን አወቀ፤ የአባቱ እግር ናት።

ቶሎ ብሎ ኖታዋን አስተካከላትና በልኩ አስኬዳት። አፍታም ሳይቆይ ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ተሰማ።

"በሩን እንዳትከፍት! የማላውቀው ሰው መጥቷል!"

ሮጦ ሲገባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ትንቀጠቀጣለች። ቢጨንቀው ኖታዋን ወደ ድሮው መለሳትና አሰማት። እናቱ ወዲያው ተረጋጋች።

በማግስቱ ስፒከሩን ሳያጠፋ ወደ ሱቅ ወጣ። ሲመለስ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቱ በሌሊት ልብሷ አስፋልቱ መሀል ቆማለች፤ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ጥግ ጥጓን ያልፋሉ።

"ቤቱ ጠፍቶት ነው" አለችው። "ልመራው ብዬ ነው።"

ልቡ ስንጥቅ አለ። ዛሬ ብትተርፍ ነገ ሹፌሮቹ ላያዩዋት ይችላሉ። ያ ቤዝ ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ እየተራመደ የትም አይደርስም። አባቱን መንገድ ላይ ያስቀረው ለካ እሱ ነው።

ስለዚህ ለማንም የማይሸጥ ነገር ሊጽፍ ተቀመጠ። እርምጃው ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ ደከመው፣ ሁለት ከባድ ኖታ ረገጠና ቆመ።

እናቱ ተነስታ በሩን ከፈተች። ለሰው ማለፊያ ጠጋ አለች። "እሰይ! ግባ፣ ግባ። ጫማህን እዚያው አውልቅ።" የሳሎኑን ወንበር ስባ አስቀመጠች፣ ማንን እንደሆነ እንጃ። ያን ቀን ከቀብሩ ወዲህ አይታው የማታውቀውን እንቅልፍ ተኛች። ዱምዱምም በብልሃቱ ኮራ።

ግን እንጀራ ነውና ጠዋት አዲስ ዘፈን ከፈተ። ገና ሁለት ቁልፍ እንደነካ ሳሎን ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ሲወጣ እናቱ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። የምታየው እሱን አይደለም።

"ወዴት ነው? ገና አሁን መጥተህ?"

"የትም አይሄድም እማዬ። ቁጭ በይ።"

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለራሱ ንገረው። የምታስነሳው አንተ ነህ።"

ዱምዱም ሊከራከር አፉን ከፈተ። ወንበሩ ትናንት ከነበረበት ፈቀቅ ብሏል። እሷ ትሁን የገፋችው፣ ሌላ ይሁን፣ መጠየቅ ፈራ። አባቱ ሲቀበር ዘመድ ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ደርቆ ነበር የቆመው፤ በዚህም ዘመድ ያላለው የለም!

"አባዬ" አለ ወደ ወንበሩ። "ናፍቀኸኝ ነው እኮ። በቃ ተቀመጥ፣ ከእንግዲህ አላስነሳህም።" ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ወረደለት።

እናቱ ወንበሩን አየችና እጆቿን ከበሩ ላይ ቀስ ብላ አወረደች።

"ተቀመጠልህ" አለችው።

ዱምዱም ስፒከሩን ሊነቅል ወደ ክፍሉ ሲመለስ ወንበሩን በሰፊው ዞሮ አለፈ።