የሊዲያ ጉልበት

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ልጄ ከኳስ ልምምድ እያነከሰች መጣች። ጉልበቷ አብጧል። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ ከፍሪዘር ያወጣሁትን የአተር ከረጢት በፎጣ ጠቅልዬ ጫንኩበት።

«ማሚ፣ አይም ኦኬ።»

«ዓርብ አትሰግጂም! ወንበር ላይ ነው የምትቀመጪው!»

ሳላስበው ጮኼ ኖሯል፤ ልጅቷ ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ ሊዲያን በእኔ ዓይን አላየቻት።

ያኔ፣ ከዓመታት በፊት፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የከተማው ባቡር ሰፈራችን ሬኒየር ቫሊ ገና ሳይገባ፣ በኪራይ አዳራሽ ስንገለገል፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች የማስተባብረው እኔ ነበርኩ። ሊዲያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤቷ ኳስ ትጫወታለች፤ በሚቀጥለው ወር አንድ የኮሌጅ አሠልጣኝ ሊያያት ቀጠሮ ነበረው። ከወደዳት በነጻ ትማራለች።

ከሕማማት አንድ ሳምንት በፊት ጉልበቷን ወለም አላት። እናቷ ሥራ ላይ ስለነበሩ ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ታሳርፈው፣ በረዶ ታድርግበት፣ የጉልበት ድጋፉን አታውልቅ፣ ለሦስት ሳምንት እንዳትንበረከክ።

የስቅለት ዕለት ሲያካፋ ዋለ። ሊዲያ ጥቁሩን የጉልበት ድጋፍ በቀሚሷ ሥር አስራ በር ላይ አገኘችኝ።

«ሶ፣ ዛሬ ወንበር ላይ ነኝ። ኦኬ ነው አይደል ጽጌ?»

«ለኳስ ሲሆን የሚሮጥ ጉልበት፣ ለጌታ ሲሆን ነው የሚያመው?» አልኳት እየሳቅኩ።

ቀልድ ነው ብዬ ራሴን ስንት ጊዜ ላታልል ሞከርኩ። ቀልድ አልነበረም። የእኔ ልጆች አንድም ሳይቀሩ ሲሰግዱ እንዲታዩልኝ ፈልጌ ነው።

ድጋፉን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አጠገቤ ቆመች። ምንጣፉ የእርጥብ ካልሲ ሽታ ነበረው። ኪርያላይሶን እያልን መውረድ መነሣት ጀመርን። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ሊዲያ በግንባሯ ተደፍታ ቆየች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ተቀመጪ» ብላት ይበቃ ነበር። በዓይኔ «በርቺ» አልኳት። ተነሣች። ደግማም ወረደች።

ሲያበቃ መቆም አቃታት። አባ ጉልበቷን ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ማን ስገጂ አለሽ? ለታመመ ሰው እንኳን ስግደቱ፣ ጾሙም ይቀርለታል እኮ!»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሊዲያ ግን፣ «ማንም አላለኝም አባ። እኔው ነኝ» አለች።

ቀዶ ጥገና ተደረገላት። አሠልጣኙ ሲመጣ በክራንች ነበር የምትሄደው፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ ቀኖናዬንም ፈጽሜያለሁ። ሊዲያን ግን ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም።

ዘንድሮ በስቅለት ልጄን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሊዲያ በየዓመቱ ከኬንት ከተማ መጥታ የምትቀመጠው እዚያው ረድፍ ላይ ነው። ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት፤ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። የልጄን ጉልበት አየት አድርጋ፣ እግሯን የምታሳርፍበት ባዶ ወንበር ሳበችላት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች።

«ጽጌ፣ አንቺም ብትቀመጪስ? ደክሞሻል።»

«ሊዱ...» አልኩ። ኪርያላይሶን ተጀመረ።

ወደ ፊት ሄጄ ሰገድኩ። ሌላው ሰው ቁጥሩን ይቆጥራል። እኔ በወረድኩ ቁጥር ያንን የጭራሮ ድምፅ እጠብቃለሁ።